ዳዊት መድገም፣ ቁርኣን መቅራት፣ ደብዳቤ ማንበብ

በሀገራችን ፊደል ከጥንት ጀምሮ አለ። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ፣ በብራና ላይ የተጻፈ ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ልጆች የሚማሩበት ቦታ ነበረው። ታዲያ በ1966 ዓ.ም. ከመቶ ሰው 93ቱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ተብሎ የተነገረው እንዴት ሆኖ ነው? ይኸ ሁሉ ፊደል የት ሄዶ ነበር?

መምህር ስላልነበረ ነው እንዳንል መምህር ነበረ። ተማሪም ነበረ። ነገሩ እንዲገባን ልጆች በየኔታ ዘንድ፣ በሼሁም ዘንድ እንዴት ይማሩ እንደነበር ደህና አድርገን እንይ። ይማሩ ነበር ብቻም አይደለም፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንደዚሁ ይማራሉ።

በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ የሚጀምረው ከፊደል ገበታ ነው። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ይቀመጣሉ። ልጆቹ በዙሪያቸው ሆነው በስንጥር ፊደሉን እየነኩ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያሉ ይቆጥራሉ። አንዱ ከሌላው በልጦ ስለሚጮህ ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ገበያ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ልጅ ዜማውን ከያዘው ዓይኑን ጨፍኖም ፊደሉን እስከ መጨረሻው ሊወጣው ይችላል። ይኸ ግን ማንበብ አይደለም። የጥንት መምህራን ይህን ያውቁታል። ስለዚህ ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ አቦጊዳን አመጡ። አቦጊዳ ፊደሉ ተደባልቆ የሚቀርብበት ገበታ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይላል። የመጀመሪያው ፊደል ግእዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ እየሆነ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። በቃሉ ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። የፊደሉን መልክ የለየ ያልፋል። እናንተም ፊደል የለያችሁ ጎልማሶች በዚህ ብልሃት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የለመዳችሁትን ገጽ አንድ ቀን ከታች ወደ ላይ፣ ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እያላችሁ አንብቡት። ዓይናችሁ ያነብ እንደሆነ፣ ወይም አፋችሁ በልማድ ይሄድ እንደሆነ ያኔ ይለያል።

ከአቦጊዳ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይመጣል። ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ ይነጥላል። ቀጥሎ ያያይዛል። በኋላ አጥርቶ ያነባል። ከዚያም ሌላ ሌላውን አልፎ ዳዊት ይገባል። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ሲጨርስ ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ድግስ ይደገሳል፤ ለየኔታም የሚገባቸው ይሰጣል።

አብዛኛው ልጅ ትምህርቱን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ለከብት እረኝነት፣ ለእርሻ ይፈለጋልና። ዳዊቱ የተጻፈው ደግሞ በግእዝ ነው። ልጁ ቤቱ የሚነጋገረው በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ፣ «ይኸ ያነበብከው ምን ይላል?» ብትሉት፣ «እንጃ፣ ዳዊት ነው» ይላችኋል።

ትምህርቱን የሚገፋበት ልጅ የቆሎ ተማሪ ይሆናል። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ይርቃል። በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ምግቡን ይለምናል። ሲመሽ ትንሽ ጎጆው ገብቶ የቀኑን ትምህርት ይቀጽላል። ዜማ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። መጽሐፍ ትርጓሜ የፈለገ ጎንደር ይወርዳል። ዓመቱ ብዙ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ግራጫ ጸጉር ሳይበቅል ሁሉንም የሚጨርስ ጥቂት ነው።

ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ግእዝ ነው፣ ትርጓሜው ግን የሚነገረው በአማርኛ ነው። መምህሩ ቃሉን ያነቡና፣ «ይህ ማለት እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲህ ነው» እያሉ ያስረዳሉ። እንግዲህ ምሥጢሩ የሚከፈተው በሚነገረው ቋንቋ ነው። ግን እዚያ የደረሰው ስንቱ ነው?

ወደ ቁርኣን ቤት ስንሄድ ነገሩ በመልኩ ይለያል፣ በመንገዱ ግን ይመሳሰላል። እዚህ የፊደል ገበታ በሚሆን ፈንታ ሉህ አለ። ሉህ የእንጨት ሰሌዳ ነው። በሸምበቆ ብዕርና ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ይጻፍበታል። ልጁ አሊፍ፣ ባ ብሎ ፊደሉን ከለየ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከቁርኣን መጨረሻ ካሉት አጫጭር ሱራዎች ይጀምራል። በሉሁ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ይይዛል። ለሼሁ ያሰማል። ካወቀው ሉሁ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን ይኸ ትልቅ ዘዴ ነበር። ዛሬም ደብተር ላጠረው ሰው መጥፎ ምክር አይደለም። ጠፍጣፋ እንጨትና ከሰል ካለ መጻፍ ይቻላል።

ከቁርኣን አልፎ ኪታብ የሚቀራው ደረሳ ይባላል። እሱም እንደ ቆሎ ተማሪው ከአገሩ ወጥቶ፣ ሰው እያበላው ይማራል። በወሎ ዳና እና ገታ፣ በምሥራቅ ደግሞ ሐረር በዚህ ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። እዚያ ፊቅህ፣ ማለት የሃይማኖቱ ሕግ፣ የአረብኛ ሰዋስው፣ የቁርኣን ትርጓሜ ይማራል። ሼሁ የአረብኛውን ቃል አንብበው፣ ለወሎ ደረሳ በአማርኛ ያስረዱታል። የትርጓሜ መምህሩ ጎንደር ላይ የሚያደርጉትን ሼሁም ዳና ላይ ያደርጋሉ ማለት ነው። ሁለቱ ግን አንዱ የሌላውን ጉባኤ ያየ አይመስለንም።

የወሎ ሊቃውንት ከዚህም አልፈው ሄደዋል። እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት በአማርኛ መንዙማ ደርሰው በአረብ ፊደል ጽፈዋል። ፊደሉ የአረብ፣ ቃሉ የገበሬው ነው። መጻፍ የማያውቀው ባላገር ሰምቶ የሚረዳው፣ በቃሉም የሚይዘው ሆነ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፊደሉ የት ሄዶ ነበር? በሁለቱም ትምህርት ቤት ድምፁ ይቀድማል፣ ትርጉሙ ይከተላል። ድምፁን ለመያዝ ጥቂት ዓመት ይበቃል። ትርጉሙ ጋ ለመድረስ ግን ግማሽ ዕድሜ ይጠይቃል። መንገድ ላይ የቀረው ልጅ ድምፁን ይዞ፣ ትርጉሙን ሳያገኝ ቀረ። ጎልምሶ ገበሬ ሲሆን ዳዊቱን ይደግማል፣ ወይም ሱራውን ይቀራል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣለት ግን ጸሐፊ ፍለጋ ይሄዳል። ብድር ሲበደር ውሉ ላይ ምን እንደተጻፈ ሳያውቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ይኸ በየገጠሩ የታወቀ ነገር ነው። ፊደል ጨርሶ ያልቆጠረው ደግሞ ከሱ ይበዛል።

ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው፣ «እንዲያውስ የቄስ ትምህርትና የቁርኣን ትምህርት ምን ይረባል?» ይላል። እኛ እንዲህ አንልም። ሰው ለአምላኩ የሚያቀርበው ጸሎት የብድር ውል ለማንበብ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ለራሱ ዓላማ የቆመ ነው። ደግሞስ በየኔታ ዘንድ አቦጊዳን የተሻገረ ልጅ፣ አማርኛው በዚያው ፊደል ስለሚጻፍ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ከጓደኞቹ ይቀድማል። ሉህ ላይ መጻፍ የለመደ እጅም ደብተር ላይ አይፈራም። የማንወደው ነገር ቢኖር ለበቁ ነው። በፍርሃት የተያዘ ፊደል ፍርሃቱ ሲለቅ አብሮ ይለቃል።

በሌላ በኩል፣ «የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅን ከሃይማኖቱ ያስወጣዋል» የሚል ወላጅ አለ። ይህ ስጋት ዛሬ የመጣ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ካህናቱ በጣም ሰግተው ነበር። የፈረንጅ መምህር የፈረንጅ ሃይማኖት ያመጣል ብለው ነው። ነገሩ በምን አለቀ? መምህራኑ ከግብጽ፣ ከቅብጦች ቤተ ክርስቲያን እንዲመጡ ሆነ። ግብጾቹ ኦርቶዶክሶች ስለሆኑ ስጋቱ ቀለለ፤ ልጆቹም የውጭ ቋንቋና ሒሳብ ተማሩ። ከዚህ የምንረዳው የወላጅን ስጋት መናቅ እንደማይጠቅም ነው። ተነጋግሮ መላ መፈለግ ይሻላል።

ስለ ቋንቋ ደግሞ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጠች። በመርከብ ተጭና ወደ ዓረብ ሀገር ስትወሰድ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1886፣ የጣሊያን መርከብ ያዛቸውና ነጻ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ ባለው በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘች። እሱም በልጅነቱ የተሸጠና ነጻ የወጣ ሰው ነው። ሁለቱ ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለማውጣት ተነሡ። አስቴር ቋንቋውን ከሱ የበለጠ ታውቀው ነበር። እሱ ልጅ ሆኖ ከሀገሩ ስለወጣ ብዙ ቃል ጠፍቶበታል። እሷ ቃላቱን እየሰበሰበች ጻፈች፤ ወደ 15,000 የሚሆን ቃል አከማቸች። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑንም መዘገበች። በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ወጣ።

ይህን ታሪክ ያመጣነው የአንዱን እምነት ከሌላው ለማስበለጥ አይደለም። በሌላውም በኩል ሥራ ተሠርቷል። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ከ180 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቁርኣንም በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጉሞ ታትሟል። የአስቴር ታሪክ የሚያስገርመን ሌላ ነገር ስላለው ነው። የተሸጠች፣ ሴት የሆነች፣ ማንም ትማር ያላላት ልጅ፣ ዕድል ስታገኝ ለሕዝቧ ማንበቢያ አዘጋጀች። በቤት ውስጥ ሳይማሩ የቀሩትስ ምን ሊሠሩ ይችሉ ነበር?

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህንኑ መንገድ በሰፊው ያዘ። ሰው በሚናገረው ቋንቋ ፊደል ይቁጠር ተባለ። በጥቂት ቋንቋ ተጀምሮ እስከ 15 ቋንቋ ደረሰ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ አፋርኛ ሌሎችም ነበሩበት፤ ሁሉም ያኔ በግእዝ ፊደል ተጻፉ። (ዛሬ ኦሮምኛን ጨምሮ አንዳንዶቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።) እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ዩኔስኮ ለዘመቻው ሽልማት ሰጠ። ሁሉም ሰው በውዴታው አልመጣም፤ በግድ የተጠራም ነበረ። የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ብዙዎቹም የሚያነቡት ነገር ስላጡ በኋላ ፊደሉ ጠፋባቸው። ያም ሆኖ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዳስ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ በገዛ ቋንቋው ፊደል የቆጠረበት ጊዜ ነው። ድምፁም ትርጉሙም አብረው መጡለት።

አሁን ወደ ሴቶች እንምጣ። ከላይ የተናገርነው የቆሎ ተማሪም፣ ደረሳውም፣ ወንድ ነው። ሴት ልጅ ብዙውን ጊዜ ለስግደቷ የሚያስፈልጋትን ሱራ ተማረች፣ ወይም ጸሎቷን በቃሏ ያዘች፤ ከዚያ በላይ አልተፈቀደላትም፣ ወይም ማንም አላሰበላትም። አልፎ አልፎ ግን ደጁን ሰብራ የገባች አለች። በጎጃም ጽላሎ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩ። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ከሳቸው ተማሩ። በኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ቅኔ አስተማሩ። ሊቃውንቱም መምህር አሉዋቸው። ዓይን ሳይኖራቸው ይህን ያህል ከደረሱ፣ ዓይናማዋን ልጅ «ሴት ናትና ይቅርባት» ማለት ምን ይሉታል? ለሴት ልጆች ከተከፈቱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እንኳ በ1924 ዓ.ም. ነው በአዲስ አበባ የተከፈተው። ገጠሩ ዘንድ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ነገሩ ዛሬ ለምን ይጠብቃል? የመሬት ደብተሩን አስቡ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጥቷል። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። የማሳው አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን ማን እንደሆነ ተመዝግቧል። እንግዲህ ባል ሞቶ የባል ዘመድ፣ «ይህ ማሳ የኛ ነው» ብሎ ቢነሣ፣ ወይም ጎረቤት ድንበር ቢገፋ፣ የሴትዮዋ ጠበቃ ያ ደብተር ነው። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቢቀመጥ ግን ምን ያደርጋል? ፎቶዋን ታውቀዋለች። ከፎቶዋ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ካላነበበች ሌላ ሰው እንዲያነብላት ትሰጣለች። የሚያነብላት ሰው ደግሞ አንዳንዴ ተከራካሪዋ ራሱ ወይም የሱ ዘመድ ይሆናል።

የፀረ ተባይ ጠርሙሱም እንዲሁ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በቀን ስንት ጊዜ፣ ለአዋቂ ስንት፣ ለሕፃን ስንት እንደሆነ የተጻፈበትን የምትይዘው እናት ናት። በስልክ ብር ተላከ የሚለውን መልእክትም ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ መጠበቅ ሊኖርባት ነው።

እስቲ ስለ ልጆቻችን እንነጋገር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ሰው 44ቱ ያህል ኦርቶዶክስ፣ 34ቱ ያህል እስላም፣ 19ኙ ያህል ፕሮቴስታንት ሆኖ ተገኝቷል። የባህል እምነት ተከታይና ካቶሊክም አለ። ቋንቋው ከ80 ይበልጣል። እንዲህ ባለ ሀገር አንድ ክፍል ውስጥ የሁሉም ልጅ ይቀመጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ወላጅ ደግሞ ልጁን በእምነቱ ማሳደግ መብቱ ነው ይላል። ሁለቱ የሚጣሉ የሚመስለው ሰው አለ። አይጣሉም። የሂሳብ መምህሩ የማንንም ልጅ ሃይማኖት አይጠይቅም። የኔታና ሼሁም የልጁን የሂሳብ ሰዓት አይወስዱበትም።

ጭቅጭቁ የሚነሣው በሰዓት ነው እንጂ በሌላ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ፣ ጠዋት የሚማር ልጅ ከሰዓት በኋላ የኔታ ዘንድ ወይም ቁርኣን ቤት ይሄዳል። ፈረቃ ከሌለ ቅዳሜና እሑድ አለ፣ ማታም አለ። ሽማግሌዎች፣ የኔታ፣ ሼሁና ርእሰ መምህሩ አንድ ቀን ተቀምጠው ሰዓቱን ቢያስማሙ ነገሩ ያልቃል። ልጁ እረኛም ከሆነ ግን ሦስተኛ ሥራ ጨመርንበት ማለት ነው። እዚያ ላይ አባትየው በከብቶቹ ተራ ይግባ።

ለአዋቂውም ጊዜ አለ። በየወሩ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ ቀን ገበሬው አይጠምድም። እስላሙም ጁምዓን ያከብራል። በበዓል ማረስ ነውር ነው፤ ማንበብ ግን ነውር ሆኖ አያውቅም። ሰንበቴ ወይም እድር በምትቀመጡበት ቀን የመዋጮውን መዝገብ ጸሐፊው ብቻ ከሚያነበው በየተራ አንብቡት። ቃሉ አጭር ነው፤ ስሙም የምታውቁት ሰው ስም ነው፤ ቁጥሩም የገዛ ገንዘባችሁ ነው። ሴቶቹንም ከምግብ ማብሰሉ ጥሩና ተራ ስጧቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

አቦጊዳ ለምን ተሠራ? እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ በዜማ ብቻ ያለፋችሁት ፊደል የትኛው ነበር?

ቤታችሁ ያለውን የይዞታ ደብተር አምጡና አዋሳኞቹን ሚስት ታንብብ፤ ባል ይስማ። የተጻፈው ስም ዛሬም ትክክል ነው ወይ? ጎረቤት የተለወጠበት ማዕዘን አለ?

በቀበሌያችሁ ዘንድሮ ሰባት ዓመት የሞላቸው ሴት ልጆች ስንት ናቸው? ከነሱ ትምህርት ቤት ያልገባችው የማን ልጅ ናት?